የመኪና ስፒከር ስለ መምረጥና ስለ መቀየር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመኪናቸው ድምፅ ያላረካቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት «የትኛው ስፒከር ይሻላል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ለብቻው የሚመለስ አይደለም፤ አንድ ስፒከር የሚሰጠው ድምፅ የሚወሰነው በራሱ ጥራት ብቻ ሳይሆን በተገጠመበት በር፣ በሚደርሰው ኃይልና በገጠመው ሰው ጥንቃቄ ጭምር ነውና። በግሌ መካከለኛ ዋጋ ያለው ስፒከር በደንብ በተዘጋጀ በር ላይ ተገጥሞ፣ በጣም ውድ የሆነውን ስፒከር ባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲያስንቀው ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ከታች ያሉት መልሶችም ከዚሁ እምነት የተነሡ ናቸው።

የመኪናዬ ድምፅ አያረካኝም፤ ጥፋቱ የስፒከሮቹ ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ፣ ነገር ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ማረጋገጥ ይቻላል። ከመኪናው ጋር የሚመጡ ስፒከሮች በአብዛኛው ቀላል የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ኮን (እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው ጎድጓዳ ክፍል) እና ትንሽ ማግኔት ያላቸው ሲሆኑ፣ የኮኑ ጠርዝ ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሙቀትና እርጥበት በዓመታት ውስጥ አድርቀው ይሰነጥቁታል። ጠርዙ የተሰነጠቀ ስፒከር ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ደህና መስሎ ይቆይና ቤዝ ሲመታ እንደ ተቀደደ ከበሮ ይንዘረዘራል።

የትኛው እንደተበላሸ ለመለየት በቴፑ ላይ ባሉት ባላንስ (ግራና ቀኝ) እና ፌደር (ፊትና ኋላ) በሚባሉት ማስተካከያዎች ድምፁን ወደ አንድ ማዕዘን ብቻ እየላኩ አራቱንም በየተራ ያዳምጡ። ተጠርጣሪው ሲገኝ ፓነሉን (የበሩን የውስጥ ሽፋን) ከፍተው የሁለት እጅ ጣቶችዎን በኮኑ ላይ ግራና ቀኝ አሳርፈው፣ በእኩል ኃይል ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ይግፉት። ጤነኛ ስፒከር ያለ ድምፅ ገብቶ ይመለሳል፤ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል የተቃጠለ ወይም ከቦታው የተዛነፈ ከሆነ ግን ብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ይሰማሉ። በቴስተር ሲለካ ባለ 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ስፒከር ከ3 ኦም ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነው።

የሚያዳምጡት ሙዚቃ ጥራትም መመርመር አለበት። ከልክ በላይ የተጨመቀ የሙዚቃ ፋይል በጥሩ ስፒከር ሲደመጥ ጉድለቱ ይበልጥ ይጋለጣል እንጂ አይሸፈንም።

ኮአክሲያልና ኮምፖነንት የሚባሉት ስፒከሮች በምን ይለያያሉ?

ኮአክሲያል ማለት ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር በዋናው ኮን መሐል ላይ ተተክሎ፣ ሁለቱም በአንድ ቀዳዳ የሚገቡበት ስፒከር ነው። ኮምፖነንት የሚባለው ደግሞ ወፍራሙንና መካከለኛውን ድምፅ የሚይዝ ዉፈር፣ ለብቻው የሚገጠም ትዊተር፣ እንዲሁም ድምፁን ለሁለቱ የሚያከፋፍል ክሮስኦቨር ተለያይተው የሚመጡበት ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ትዊተሩ ባለበት ቦታ ነው። ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ቀጥ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ፣ በበሩ ታችኛው ክፍል ያለ ትዊተር የሚያበራው ለጉልበትዎ እንጂ ለጆሮዎ አይደለም። ትዊተሩ ወደ ስፖኪዮው ማዕዘን ወይም ወደ ፊት መስታወቱ ምሰሶ ሲወጣ ግን ዘፋኙ ከእግርዎ ሥር ተነሥቶ ዳሽቦርዱ ላይ የቆመ ያህል ይሰማዎታል። ስለዚህ ለፊት በሮች ኮምፖነንት፣ ለኋላ ኮአክሲያል የሚለው የተለመደ ምክር ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ለትዊተሩ ተስማሚ ቦታ ለማዘጋጀት ጊዜም ፍላጎትም ከሌለዎት፣ በጥድፊያ ከተለጠፈ ኮምፖነንት ይልቅ ጥሩ ኮአክሲያል ይሻልዎታል።

«ባለ ሦስት መንገድ»፣ «ባለ አራት መንገድ» የሚለው ቁጥር የጥራት መለኪያ አይደለም። በአንድ ስፒከር ላይ የተደረደሩት ተጨማሪ ጥቃቅን ትዊተሮች ብዙ ጊዜ ከንጹሕ ድምፅ ይልቅ ጆሮ የሚወጋ ጩኸት ነው የሚጨምሩት።

በካርቶኑ ላይ «300 ዋት» የሚል ተጽፏል። ይህ ምን ማለት ነው?

በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ስፒከሩ ለቅጽበት ሊቋቋመው የሚችለው ከፍተኛ ኃይል ነው። የሚጠቅምዎት በትንሹ፣ ብዙ ጊዜም በጀርባው የሚጻፈው ነው፤ እርሱም አር ኤም ኤስ ተብሎ የሚጠራውና ስፒከሩ ያለ ጉዳት ለረጅም ጊዜ ሊሸከመው የሚችለው ኃይል ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ስፒከሩ የሚችለውን እንጂ የሚያወጣውን አይናገሩም። ዋት የሚሰጠው አምፕሊፋየሩ (የድምፁን ሲግናል የሚያጎለብተው መሣሪያ) ወይም ቴፑ ነው፤ ስፒከሩ ተቀባይ ነው።

የቴፑም ቁጥር መመርመር ይገባዋል። በብዙ ቴፖች ላይ «50 ዋት በ4» የሚል ይጻፋል፣ ሒሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ ወደ 14.4 ቮልት ገደማ ነው። ቴፑ ይህን ሁሉ ያለ ብክነት ለስፒከሩ ቢያደርስ እንኳ፣ ያልተዛባ የድምፅ ሞገድ አር ኤም ኤስ ቮልቴጅ 10.2 ገደማ ይሆናል፤ ይህን በራሱ አባዝተን ለ4 ኦም ስናካፍለው የምናገኘው 26 ዋት ብቻ ነው። በውስጡ የሚባክነው ሲቀነስ ለእያንዳንዱ ስፒከር በተግባር የሚደርሰው ከ15 እስከ 20 ዋት አካባቢ ነው። ቀሪው የካርቶን ጌጥ ነው።

አምፕሊፋየር ሲገዙ ሲቲኤ 2006 በሚባለው መመዘኛ መለካቱ የተጻፈበትን ቢመርጡ ይጠቅምዎታል፤ ይህ መመዘኛ ኃይሉ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦምና ከ1 በመቶ ባልበለጠ መዛባት እንዲለካ ስለሚያስገድድ ሁለት ምርቶችን በአንድ ሚዛን ለማነጻጸር ያስችላል።

አምፕሊፋየር ሳልጨምር ስፒከር ብቻ ብቀይር ለውጥ አገኛለሁ?

ያገኛሉ፣ ነገር ግን ምርጫዎ ከዋት ይልቅ ሴንሲቲቪቲ በሚባለው ቁጥር መመራት አለበት። ይህ ቁጥር ስፒከሩ 1 ዋት ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት ምን ያህል ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) እንደሚሰጥ ይናገራል። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ስለሚያስፈልግ፣ 90 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ20 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ 87 ዴሲቤል የሆነው ለመስጠት 40 ዋት ይፈልጋል። ቴፑ ደግሞ 40 ዋት የለውም። ስለዚህ በቴፑ ኃይል ብቻ ለሚሠራ ስፒከር 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይፈልጉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ አምራቾች የሚለኩት በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ነው፤ ይህ ቮልቴጅ በ8 ኦም ስፒከር ላይ 1 ዋት ቢሆንም በ4 ኦም ላይ 2 ዋት ስለሚሆን ቁጥሩ በ3 ዴሲቤል አብጦ ይታያል። ሁለት ስፒከሮችን ሲያነጻጽሩ በአንድ ዓይነት መንገድ የተለኩ መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ለአምፕሊፋየር ተብሎ የተሠራ ከባድ ኮን ያለው ስፒከር በቴፑ ብቻ ሲነዳ ከተነሣው የፋብሪካ ስፒከር እንኳ ያነሰ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። ብዙዎች «ተታለልኩ» የሚሉት በዚህ ጊዜ ነው፣ ጥፋቱ ግን የስፒከሩ አይደለም።

ለመኪናዬ የሚሆነውን መጠን እንዴት አውቃለሁ?

በብዙ መኪናዎች የሚገኙት 6.5 ኢንች ክብና 6 በ9 ኢንች ሞላላ ስፒከሮች ናቸው። ስፋቱን ማወቅ ግን በቂ አይደለም፤ የስፒከሩ ማግኔት ወደ በሩ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ሳይለኩ አይግዙ፣ መስታወቱ ሲወርድ የሚያልፈው በዚያው ነውና። ጥልቀቱ ካልበቃ ወይም የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ካልገጠሙ በመካከል የሚገባ ቀለበት መጠቀም ይቻላል። ቀለበቱ ከእንጨት ከሆነ እርጥበት እንዳያሳብጠው ሁሉም ጎኑ መቀባት ይኖርበታል። የበሩን ብረት መቁረጥ የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ኦም ላይ ልዩነት ቢኖር ችግር አለው?

አለው። የመኪና ስፒከር በአብዛኛው 4 ኦም ሲሆን፣ ኦሙ ባነሰ ቁጥር ከአምፕሊፋየሩ የሚስበው ከረንት ይጨምራል። ለ4 ኦም በተሠራ ቴፕ ላይ 2 ኦም ስፒከር ማስገባት ቴፑን ከመጠን በላይ ያሞቀዋል፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። በተቃራኒው አንዳንድ መኪናዎች የራሳቸው የፋብሪካ አምፕሊፋየርና 2 ኦም ስፒከሮች ስላሏቸው፣ በቦታቸው 4 ኦም ሲገባ ድምፁ ይደክማል። የቤት ውስጥ 8 ኦም ስፒከር መኪና ላይ ለመግጠም ለሚያስቡም መልሱ ይኸው ነው፤ አይጎዳም፣ ግን የሚያገኘው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል።

ሁለት የሽቦ ጥቅል ያለው ሰብዉፈር (በጣም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ሲገዙ ጥቅሎቹ የሚያያዙበትን መንገድ አስቀድመው ያስቡ፤ ባለ ሁለት 4 ኦም ጥቅል በትይዩ ሲያያዝ 2 ኦም፣ በተከታታይ ሲያያዝ 8 ኦም ይሆናል።

አዲስ ስፒከር አስገጥሜ ቤዙ ከቀድሞው አነሰ። ለምን?

ከሁሉም ጥያቄዎች ብዙ ቅሬታ የሚመጣበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው።

የመጀመሪያው የተገለበጠ ሽቦ ነው። በአንዱ በር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተለዋወጡ አንዱ ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ወፍራሙ ድምፅም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ይህን ስህተት ሠርቼ፣ ስፒከሮቹ ጉድለት ያለባቸው መስሎኝ ልመልሳቸው ካርቶን ውስጥ ከከተትኳቸው በኋላ ነው የነቃሁት። መለያው ቀላል ነው፦ ባላንሱን ወደ አንድ ጎን ብቻ ሲያዞሩት ቤዙ ከጨመረ ሽቦው ተገልብጧል። ለማረጋገጥ ስፒከሩን ከመስመሩ ነቅለው ባለ 1.5 ቮልት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ለቅጽበት ያስነኩት፤ የባትሪው ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ ዘለል ማለት አለበት። ሙከራው ለዉፈር ብቻ ነው፣ ትዊተር ላይ አይሞክሩት።

ሁለተኛው በሩ ራሱ ነው። ስፒከር ድምፅ የሚያወጣው በፊቱ ብቻ ሳይሆን በጀርባውም ነው፣ የጀርባው ሞገድ ከፊተኛው ጋር ከተገናኘ ደግሞ ቤዙን ያጠፋዋል። የቤት ስፒከር በሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። በመኪና ሳጥኑ በሩ ነው፣ ፓነሉን ሲነቅሉ የሚያዩት ግን ለጥገና የተተዉ ሰፋፊ ቀዳዳዎችና በላያቸው የተለጠፈ ስስ ላስቲክ ነው። እነዚህን ቀዳዳዎች በጠንካራ ነገር መዝጋት፣ ጀርባው ቢዩታይል ጎማ ፊቱ አሉሚኒየም የሆነውን ንዝረት ማጥፊያ ሉህ በውጭኛው ቆርቆሮ ላይ ከውስጥ በኩል መለጠፍ፣ እንዲሁም ስፒከሩ ከበሩ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ስፖንጅ ማድረግ ከስፒከሩ የማይተናነስ ለውጥ ያመጣል። ሉሁ ቆርቆሮውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም፤ ቆርቆሮውን በጣትዎ ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ጣሳ መጮኹን ትቶ ደፈን ያለ ድምፅ ከሰጠ በቂ ነው። በበሩ ታችኛው ጠርዝ ያሉትን ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን በፍጹም አይድፈኑ፣ በሩ ከውስጥ ይዝጋል።

ሰብዉፈር የግድ ያስፈልገኛል?

የግድ አይደለም፣ ነገር ግን ከበር ስፒከር የማይገኝ ነገር አለ። ድምፁ እየወፈረ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት (ሄርዝ) በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ ለምሳሌ ከ80 ሄርዝ ወደ 40 ሲወርድ፣ ተመሳሳይ ጉልበት ለመስጠት ኮኑ አራት እጥፍ አየር ማንቀሳቀስ ይኖርበታል። 6.5 ኢንች የሆነ ኮን ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ሲገደድም ይዛባል። ሰብዉፈር ተጨምሮ የበሮቹ ስፒከሮች ከ80 ሄርዝ በታች ያለው እንዳይደርሳቸው ሲደረግ፣ ቤዙ ከመጨመሩም በላይ የዘፋኙ ድምፅ ይጠራል፤ ከባዱ ሸክም ከላያቸው ወርዷልና።

ለዚህ ግዙፍ ነገር አያስፈልግም። 8 ወይም 10 ኢንች የሆነ ሰብዉፈር ለአብዛኛው አድማጭ በቂ ነው። የተዘጋ ሳጥን ትንሽ ቦታ የሚይዝና ቤዙን ቆጠብ አድርጎ በጥራት የሚመታ ሲሆን፣ ቱቦ ያለው ሳጥን በተቃኘበት ሄርዝ አካባቢ ይበልጥ ይጮኻል፣ ከዚያ በታች ግን ኮኑ መያዣ አጥቶ ራሱን ሊጎዳ ይችላል። የሳጥኑ ይዘት አምራቹ ካዘዘው መራቅ የለበትም።

አምፕሊፋየር ሲገጠም ሽቦ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ከባትሪው በሚነሣው ፖዘቲቭ ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ፊውዝ መግባት አለበት። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ እሳት የሚያስነሣው ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለው ርዝመት ነው።

የሽቦው ውፍረት የሚመረጠው በሚያልፈው ከረንት ነው። ለምሳሌ 500 ዋት አር ኤም ኤስ የሚሰጥና ከሚወስደው ኃይል 80 በመቶውን ወደ ድምፅ መስመር የሚያደርስ አምፕሊፋየር በ13.8 ቮልት 45 አምፒር ገደማ ይስባል። ርካሽ ሽቦዎች ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ናቸው፣ በአንድ ውፍረት ከንጹሕ መዳብ ያነሰ ስለሚሸከሙም አንድ ደረጃ ወፍራሙን መውሰድ ይገባል። ማሳው (ከአምፕሊፋየሩ ወደ መኪናው ብረት የሚሄደው ኔጌቲቭ ሽቦ) አጭር ይሁን፣ የሚታሰርበትም ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ብልጭ ማለት አለበት። ቤንዚን ሲረገጥ የሚወጣ፣ ሲለቀቅ የሚወርድ ፉጨት ከሰሙ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ማሰሪያ ነው፤ ቀጥሎም የድምፅ ኬብሉ ከኃይል ሽቦው ጋር በአንድ ጎን ተጎዳኝቶ እንዳይሄድ ይለዩት።

ጌይን የሚለውን ቁልፍ እስከ መጨረሻ ባዞረው ኃይል አገኛለሁ?

አያገኙም። ጌይን ቮልዩም አይደለም፤ አምፕሊፋየሩ ከቴፑ የሚመጣውን ሲግናል መጠን እንዲያውቅ የሚደረግበት ማስተካከያ ነው። ሲበዛ የድምፁ ሞገድ ጫፉና ታቹ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጠፍጣፋ ሞገድ ደግሞ በስፒከሩ ላይ ከታሰበው በላይ ሙቀት ይጥላል። አነስተኛ አምፕሊፋየር ትልቅ ስፒከር የሚያቃጥለው በዚህ መንገድ ነው፣ መጀመሪያ የሚሄደውም ትዊተሩ ነው። የሚስተካከለው እንዲህ ነው፦ ጌይኑን እስከ ታች አውርደው፣ የቴፑን ቮልዩም ሦስት አራተኛ አድርሰው፣ ከዚያ ድምፁ ሻከር ማለት እስኪጀምር ጌይኑን ቀስ እያሉ ይጨምሩና ጥቂት መለስ ያድርጉት።

የኋላ ስፒከሮችንስ መቼ ልቀይር?

በመጨረሻ። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ለፊት በሮች፣ ለበር ዝግጅት፣ ለአምፕሊፋየርና ለሰብዉፈር በዚህ ቅደም ተከተል ይዋል። ከኋላ ሰው ካልተቀመጠ በቀር የኋላ ስፒከሮች ዋና ሥራ የላቸውም።

ድምፁ ወደ እኔ ጎን ያዘነብላል። ማስተካከል ይቻላል?

መሪው ጋ የተቀመጠ ሰው ለአንዱ በር ይቀርባል፣ ድምፅም ለእያንዳንዱ ሜትር 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። የቅርቡን ስፒከር በዚሁ ልዩነት የሚያዘገይ ዲኤስፒ (ድምፅን በዲጂታል መንገድ የሚያስተካክል ክፍል) ያለው ቴፕ ወይም አምፕሊፋየር ካለ ዘፋኙ መሐል ይመጣል። የግማሽ ሜትር ልዩነት 1.5 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው፤ ርቀቱን ከጆሮዎ እስከ ስፒከሩ በሜትር ለክተው ያስገቡት።

በራሴ መግጠም እችላለሁ?

ስፒከር ብቻ ከሆነ ካቻቢቴ፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያና ትዕግሥት ላለው ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አስቀድመው የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ፤ በቢጫ ሽፋን የተጠቀለሉ ሽቦዎችን አይንኩ፣ በአብዛኛው የኤርባግ ናቸው። የፋብሪካውን ሶኬት ከመቁረጥ ይልቅ ለመኪናው የተሠራ አገናኝ ይጠቀሙ። በትዊተሩ ሽቦ ላይ ያለችውን ትንሽ ካፓሲተር «ድምፅ ትይዛለች» ብለው አያስወግዷት፤ ወፍራሙ ድምፅ ገብቶ ትዊተሩን እንዳያቃጥል የምትከለክለው እርሷ ናት።

ፓነሉን ከመመለስዎ በፊት ባትሪውን አገናኝተው መስታወቱን እስከ ታች ያውርዱ፣ ማግኔቱንም እንዳይነካ ይዩ። ከዚያ ቮልዩሙን ከፍ አድርገው ቤዝ የበዛበት ሙዚቃ ይክፈቱና እጅዎን በቆርቆሮው፣ በሽቦዎቹና በበሩ መቆለፊያ ዘንጎች ላይ እያሳለፉ የሚንቀጠቀጠውን ይፈልጉ። የተገኘውን በስፖንጅ ወይም በናስትሮ ጠቅልለው ጸጥ ካሰኙት በኋላ ክሊፖቹን ይምቱ።